«ፋይናንስ» ብቻ ስንጽፍ ኮምፒውተሩ የማንን ስም ይቀጥልበታል?

አንዲት የሒሳብ ባለሙያ ጠዋት ቢሮ ገብታ ላፕቶፗን ትከፍትና «ፋይናንስ» የሚለውን የጋራ ፎልደር ትጫናለች። ወዲያው ይከፈትላታል። ከሰዓት በኋላ ያንኑ ላፕቶፕ ይዛ ካፌ ትቀመጣለች። ያዘዘችው ማኪያቶ ሳይደርስ ላፕቶፑ የካፌውን ዋይፋይ ይዟል። እሷ ገና ምንም አልነካችም፤ ላፕቶፑ ግን ጠዋት የከፈተውን ፎልደር መልሶ ለመያዝ ከጀርባ «ፋይናንስ የት ነው ያለው?» እያለ መጠየቅ ጀምሯል። ጠዋት የጠየቀው የቢሮውን ሰርቨር ነበር። አሁንስ የሚጠይቀው ማንን ነው? «እኔ ነኝ» ብሎ የሚመልስለትስ ማን ነው?

የዚህ ጥያቄ መልስ ያለው ብዙ ሰው ዞር ብሎ በማያየው አንድ ትንሽ ቅንብር ውስጥ ነው። ነባሪ ዶሜይን ይባላል። እኔ በሥራዬ ደጋግሜ ያየሁት ነገር ቢኖር፣ ሰዉ ፋየርዎልና አንቲቫይረስ ላይ ተጨንቆ ተጠቦ ይህን ሳጥን ግን ቀድሞ የነበረው ሰው በሞላበት ስም መተዉን ነው። ለምን ሊያስጨንቀን እንደሚገባ ከሥሩ ልጀምር።

ነባሪ ዶሜይን ምንድን ነው?

ኮምፒውተሮች የሚገናኙት በቁጥር አድራሻ ነው። እኛ ደግሞ ቁጥር ስለማንይዝ ስም እንጽፋለን። ስሙን ወደ ቁጥር የሚቀይረው ሥርዓት ዲኤንኤስ ይባላል። በዲኤንኤስ ውስጥ አንድ ሙሉ ስም አጻጻፉ እንደኛ ስም ነው፤ መጀመሪያ የራስ ስም፣ ቀጥሎ የአባት፣ ቀጥሎ የአያት። «ፋይናንስ.ድርጅታችን.ኮም.ኢቲ» ብንል፣ ፋይናንስ የማሽኑ የራሱ ስም ነው፤ ድርጅታችን የአባቱ፤ ከዚያ በላይ ያለው ኮም.ኢቲ የዘሩ። (በስክሪኑ ላይ ሁሉም በላቲን ፊደል ነው የሚጻፈው፤ እዚህ ለንባብ እንዲመች በራሳችን ፊደል አድርጌዋለሁ።)

ቤት ውስጥ ማንም ልጁን እስከ አያቱ ድረስ አይጠራም። «ሰላም!» ሲባል የትኛዋ ሰላም እንደሆነች ይታወቃል። ትምህርት ቤት ስትገባ ግን መዝጋቢው «ሰላም ማን?» ይላል፤ የአባቷ ስም ካልተጨመረ አትለይም። ኮምፒውተሩም እንደዚሁ ነው። እርስዎ «ፋይናንስ» ብለው በአጭሩ ሲጽፉ የአባት ስም የጎደለው ስም ሰጥተውታል። ኮምፒውተሩ ያንን ይዞ አይቆምም፤ ራሱ ይሞላዋል። የሚሞላበት ስም ነው ነባሪ ዶሜይን የሚባለው። በዊንዶውስ «ዲኤንኤስ ሰፊክስ» ይለዋል፣ በሊኑክስና በማክ «ሰርች ዶሜይን»። እኔ እዚህ ቅጥያ እያልኩ እቀጥላለሁ።

ቅጥያው አንድ ብቻ ላይሆን ይችላል። ዝርዝር ከሆነ ኮምፒውተሩ በተራ ይሞክራል፦ በመጀመሪያው አባት ስም ጠርቶ ካልተገኘ በሁለተኛው፣ ካልሆነም በሦስተኛው። መጀመሪያ የመለሰለትን ይወስዳል። «አንተ እኔ የምፈልገው ነህ ወይ?» ብሎ አያረጋግጥም።

ቅጥያውን ለኮምፒውተሩ የሚነግረው ማን ነው?

እዚህ ላይ ነው ነገሩ የሚወሳሰበው፣ ምክንያቱም ተናጋሪው ከአንድ በላይ ነው። የሲስተም ባለሙያው በእጁ ሊሞላው ይችላል። ላፕቶፑ የድርጅቱ አክቲቭ ዳይሬክተሪ (ሠራተኞችንና ኮምፒውተሮችን በአንድ መዝገብ የሚያስተዳድረው የማይክሮሶፍት ሥርዓት) አባል ሲሆን ዋናው ቅጥያ ከዚያ ይመጣል። ቪፒኤን (ከውጭ ሆነን ከቢሮው ኔትወርክ ጋር በተመሰጠረ መንገድ የሚያገናኘን) ሲከፈት የራሱን ይጨምራል። ሊኑክስ ላይ ደግሞ ምንም ካልተነገረው የራሱን ሙሉ ስም አይቶ ከመጀመሪያው ነጥብ በኋላ ያለውን እንደ ቅጥያ ሊወስድ ይችላል።

የመጨረሻው ተናጋሪ ብዙ ሰው የማያስበው ነው፦ ራውተሩ። ማንኛውም ላፕቶፕ ዋይፋይ ሲይዝ «አድራሻ ስጠኝ» ብሎ ይጠይቃል፤ ይህ አሠራር ዲኤችሲፒ ይባላል። ራውተሩ አድራሻ ሲሰጥ በዚያው ላይ «ቅጥያህ ይህ ነው» ብሎ ሊነግረው ይችላል። ለአንድ ዶሜይን አማራጭ ቁጥር 15፣ ለዝርዝር ደግሞ አማራጭ ቁጥር 119 ተመድቦለታል። የቢሮዎ ራውተር ይህን ሲያደርግ ጥሩ አገልግሎት ነው። የካፌው፣ የሆቴሉ፣ የኤርፖርቱ ራውተር ሲያደርገው ግን የማያውቁት ሰው ለልጅዎ የአባት ስም አወጣለት ማለት ነው።

የተሳሳተ ስም ቢቀጠል ምን ይመጣል?

ችግሩ አዲስ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1993 የወጣ አርኤፍሲ 1535 የተባለ ቴክኒካዊ ሰነድ አደጋውን በግልጽ አስቀምጦታል። በዚያን ጊዜ የነበሩ ፕሮግራሞች ሙሉ ስም ቢጻፍላቸው እንኳ ቅጥያውን ቀድመው ይሞክሩ ነበር። በአንድ ኮም ዶሜይን ሥር ያለ ኩባንያ ሠራተኛ በኢዲዩ የሚያልቅ የዩኒቨርሲቲ ማሽን ሲፈልግ፣ ኮምፒውተሩ መጀመሪያ የኩባንያውን ሙሉ ቅጥያ ይጨምራል፤ ካልተገኘ ከቅጥያው አንድ ደረጃ ቆርጦ ይሞክራል፤ በመጨረሻ «ኮም» ብቻ ይቀራል። ያኔ የሚጠየቀው ስም «ዩኒቨርሲቲው.ኢዲዩ.ኮም» ይሆናል። ስለዚህ ኢዲዩ.ኮም የሚባለውን ስም የያዘ ሰው፣ ከኮም ኩባንያዎች ወደ ዩኒቨርሲቲዎች የሚሄደውን ግንኙነት ወደ ራሱ መጥለፍ ይችል ነበር። ለዚህም መስበር፣ ሰብሮ መግባት አላስፈለገም። ስም ማስመዝገብ ብቻ ይበቃል።

ከዚህ ሁሉ ግን ልብ የሚያስደነግጠኝ የኮርፕ.ኮም ታሪክ ነው። ማይክ ኦኮነር የሚባል አሜሪካዊ ይህን ስም እ.ኤ.አ. በ1994 ያዘው። ከዓመታት በኋላ ማይክሮሶፍት አክቲቭ ዳይሬክተሪን ከዊንዶውስ 2000 ጋር ሲያወጣ፣ ለድርጅቱ የውስጥ ኔትወርክ በምሳሌነት ይሰጥ የነበረው ስም «ኮርፕ» ነበር። ብዙ ድርጅቶች ምሳሌውን ሳይቀይሩ እንዳለ ወሰዱት። ቢሮ ውስጥ ምንም ችግር አልነበረም፤ የውስጡ ሰርቨር «ኮርፕ» ማን እንደሆነ ያውቃል። ላፕቶፑ ከቢሮ ሲወጣ ግን ያ ሰርቨር የለም። ጥያቄው ወደ ሕዝባዊው ኢንተርኔት ይወጣል፤ ብዙ ጊዜም ዞሮ ዞሮ ኮርፕ.ኮም ደጃፍ ላይ ይደርሳል።

ጄፍ ሽሚት የተባለ የደህንነት ባለሙያ እ.ኤ.አ. በ2019 ያንን ደጃፍ ለምርምር ሲጠብቅ፣ ምንም ጉዳይ ሊኖራቸው የማይገባ ከ375,000 በላይ የዊንዶውስ ኮምፒውተሮች መረጃ ሊልኩ ሲሞክሩ አየ። ኢሜይል እንዲቀበል ሲያደርገው ደግሞ በአንድ ሰዓት ገደማ ውስጥ ከ12 ሚሊዮን በላይ ደብዳቤ መጣና ሙከራውን አቆመ። ኮምፒውተሮቹ ቫይረስ አልነበረባቸውም። ሠራተኞቹም አጠራጣሪ ሊንክ አልተጫኑም። የታዘዙትን ነበር የሚያደርጉት፦ አጭሩን ስም በተነገራቸው ስም መሙላት።

ኦኮነር እ.ኤ.አ. በ2020 መጀመሪያ ስሙን በ1.7 ሚሊዮን ዶላር ለሽያጭ ሲያቀርብ፣ ወንጀለኞች እጅ እንዳይገባ ስጋቱን በይፋ ተናግሮ ነበር። በዚያው ዓመት በሚያዝያ ግድም ማይክሮሶፍት ራሱ ገዛው።

ምን ሊወሰድ ይችል ነበር? ዊንዶውስ የጋራ ፎልደር ሲያገኝ የተጠቃሚውን ማንነት ለማሳወቅ ራሱ ይሞክራል። የይለፍ ቃሉን እንዳለ ባይልክም ከይለፍ ቃሉ የተሠራ ማረጋገጫ ይልካል። ያ በእጁ የገባ ሰው ኮምፒውተሩ ላይ አስቀምጦ እስኪያገኘው ድረስ ግምት መደርደር ይችላል። ደካማ የይለፍ ቃል ብዙም አይቆይም።

በዶት ኢቲ ስም ለምንጠቀም ሰዎች ነገሩ ለምን ይብሳል?

የአሜሪካ ኩባንያ ስም ብዙ ጊዜ ሁለት ክፍል ነው፦ ድርጅት.ኮም። የእኛ ሦስት ነው፦ ድርጅታችን.ኮም.ኢቲ። መንግሥት ቤት ከሆነ ጎቭ.ኢቲ፣ ትምህርት ቤት ከሆነ ኢዲዩ.ኢቲ። ዊንዶውስ አጭር ስም ሲያጣ ከቅጥያው ላይ አንድ አንድ ደረጃ እየቆረጠ ወደ ላይ የሚወጣበት አሠራር አለው። በአባት ካልተገኘ በአያት እንደማለት ነው። ድሮ የሚቆመው ሁለት ክፍል ሲቀር ነበር። ለድርጅት.ኮም ይህ በቂ ነው፤ ሁለት ክፍል ሲቀር ያለው ገና የራሱ ድርጅት ነው። ለድርጅታችን.ኮም.ኢቲ ግን ሁለት ክፍል ሲቀር ያለው «ኮም.ኢቲ» ነው። እሱ የማንም ድርጅት አይደለም። አጥር አልፎ መንገድ ላይ ቆሞ እንደመጣራት ነው።

ይህ በሐሳብ ብቻ የቀረ አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ2007 ኒውዚላንድ ውስጥ፣ የእነሱም ስሞች እንደኛ በሁለት ክፍል (ኮ.ኤንዜድ) ስለሚያልቁ፣ አንድ ተመራማሪ ይህንኑ አሳየ። ኮምፒውተሮች «ደብሊውፓድ» የሚባል አጭር ስም በራሳቸው ይፈልጋሉ፤ ወደ ኢንተርኔት የሚወጡበትን በር የሚነግራቸው ፋይል ያለበት ማሽን ስም ነው። ደብሊውፓድ.ኮ.ኤንዜድ የሚለውን የያዘ ሰው ለማያውቃቸው ድርጅቶች ኮምፒውተሮች «በእኔ በኩል ውጡ» ማለት ይችል ነበር። ማይክሮሶፍት በዚያው ዓመት ማስጠንቀቂያ አወጣ፤ እ.ኤ.አ. በ2009 ደግሞ ኮምፒውተሩ ደረጃ ሲቆርጥ የድርጅቱን ዋና ዶሜይን አልፎ እንዳይወጣ የሚያደርግ ማስተካከያ ለቀቀ። ዝመናው በደንብ የተጫነበት ማሽን ዛሬ ከዚህ የተሻለ ነው። ከአሮጌ ዊንዶውስ ጋር እየታገለ የሚሠራ ቢሮ ግን አሁንም አለ። ቅጥያውን በእጅ ወስኖ ቆረጣውን መዝጋት ስላለበት ነው ይህን ያህል የዘረዘርኩት።

ስሙ በምንም ቅጥያ ካልተገኘስ?

ኮምፒውተሩ ይጮኻል። ዊንዶውስ ከዲኤንኤስ መልስ ሲያጣ ኤልኤልኤምኤንአር ወይም ኔትባዮስ በሚባሉ መንገዶች እዚያው ዋይፋይ ላይ ላሉት ሁሉ «ፋይናንስ ማን ነው?» ብሎ ያሰማል። ካፌው ውስጥ ያለ ሌላ ላፕቶፕ «እኔ ነኝ» ካለ አመነ። ለዚሁ መልስ የተሠሩ መሣሪያዎች በነፃ ይገኛሉ፤ የደህንነት ፈታሾችም ድርጅት ሲፈትሹ ብዙ ጊዜ መጀመሪያ የሚያወጡት እነሱን ነው።

ታዲያ ለውስጥ ኔትወርኬ ምን ስም ልስጥ?

የራስዎን። ሌላው ሁሉ ከዚህ በታች ነው። ድርጅቱ ከፍሎ ያስመዘገበው ድርጅታችን.ኮም.ኢቲ ካለው፣ በእሱ ሥር ለውስጥ የሚሆን ቅርንጫፍ ያውጡ፦ «ውስጥ.ድርጅታችን.ኮም.ኢቲ» ዓይነት። ላፕቶፑ የትም ቢሄድ፣ ጥያቄው ወደ ሕዝባዊው ኢንተርኔት ቢያመልጥ እንኳ፣ የሚያርፈው በእርስዎ ስም ሥር ነው። እዚያ ደግሞ ከእርስዎ በቀር ማንም መዝገብ ማስገባት አይችልም። ተጨማሪ ጥቅምም አለው፦ እውነተኛ የኤችቲቲፒኤስ ሰርተፊኬት (ሰርቨሩ በእርግጥ የዚያ ስም ባለቤት መሆኑን የሚመሰክር ዲጂታል ማስረጃ) ያገኛሉ። ሰርተፊኬት ሰጪዎች ከእ.ኤ.አ. ኖቬምበር 2015 ወዲህ «ፋይናንስ» ወይም «ፋይናንስ.ኮርፕ» ለሚሉ የውስጥ ስሞች መስጠት አቁመዋል።

በራስ ፈጠራ «ድርጅታችን.ቢሮ» ብሎ መሰየም ይቀላል፤ ግን ዛሬ ማንም ያልያዘው ስም ነገ ሊያዝ ይችላል። ፕሮግራመሮች ለሙከራ «ዴቭ» በሚል የሚያልቁ ስሞችን ለዓመታት ተጠቅመው ነበር። ከዚያ ጎግል ዴቭን የራሱ ከፍተኛ ዶሜይን (እንደ ኮም ያለ የስም መጨረሻ) አድርጎ አስመዘገበው፤ እ.ኤ.አ. በ2017 መጨረሻ ክሮም በዴቭ የሚያልቅ ሁሉ በኤችቲቲፒኤስ ብቻ ይከፈት ሲል የብዙ ሰው የሙከራ ገጽ በአንድ ቀን አልከፈት አለ። አይካን፣ የኢንተርኔት ስሞችን የሚያስተባብረው ድርጅት፣ እ.ኤ.አ. ከ2013 ጀምሮ በመቶዎች የሚቆጠሩ አዳዲስ መጨረሻዎችን ሲከፍት ይህ ግጭት እንደሚመጣ አውቆ ምልክት አኑሮ ነበር፦ አዲስ የተከፈተን ስም የሚጠይቅ ኮምፒውተር ለተወሰነ ጊዜ 127.0.53.53 የሚል አድራሻ ይመለስለታል። ይህን ቁጥር ሎግዎ ውስጥ ካዩት የውስጥ ስምዎ ከውጭ ስም ጋር ተጋጭቷል ማለት ነው። ኮርፕ፣ ሆምና ሜል የሚሉት ግን በውስጥ ኔትወርክ ብዙ ቦታ ስለሚሠራባቸው አይካን እ.ኤ.አ. በ2018 ለማንም እንዳይሰጡ ላልተወሰነ ጊዜ አቆያቸው።

የተመዘገበ ስም ለሌለው፣ ለቤት ኔትወርክ «ሆም.አርፓ» የተባለው ተመድቧል። «ኢንተርናል» የሚለውን ደግሞ አይካን እ.ኤ.አ. በጁላይ 2024 ለግል አገልግሎት ብቻ እንዲቀር ወስኗል። ሁለቱም ከፈጠራ ስም ይሻላሉ። «ሎካል» የሚለውን ግን ይተዉት፤ አታሚና ቴሌቪዥን እርስ በርስ ለሚጠራሩበት ኤምዲኤንኤስ ለተባለ ሌላ አሠራር የተሰጠ ነው፤ ሁለቱን ሲቀላቅሉ ማክ አንድ ነገር፣ ዊንዶውስ ሌላ ነገር ሲል ያገኙታል።

አንድ ነገር ልጨምር፣ ምክንያቱም ሲረሳ አይቻለሁ። የራስ ስም የሚባለው ክፍያው እስከተከፈለ ድረስ ነው። ዶሜይኑ ጊዜው አልፎ ሌላ ሰው ቢይዘው፣ በእያንዳንዱ ላፕቶፕ ውስጥ የተሞላው ቅጥያ ያን ጊዜ የአዲሱ ባለቤት ነው። ድርጅቱ ስሙን ቢቀይር እንኳ የድሮው ዶሜይን ክፍያ አይቋረጥ፤ ማሽኖቹ ሁሉ ከተጸዱ በኋላ እንጂ።

ቅንብሩ ላይ ምን ልንካ?

ዝርዝሩን አሳጥሩት፤ ከተቻለ አንድ ቅጥያ ብቻ ይሁን። ረጅም ዝርዝር ኮምፒውተሩን ከማዘግየቱም በላይ፣ የተሳሳተ ስም በተጻፈ ቁጥር ጥያቄው ለእያንዳንዱ ዶሜይን ሰርቨር ይበተናል። አንድ ቦታ አንድ ባልደረባዬ የድረ ገጽ አድራሻ ሲጽፍ አንድ ፊደል ስቶ፣ «እንዲህ ያለ ስም የለም» በማለት ፈንታ የድርጅቱ የራሱ ገጽ ከሰርተፊኬት ማስጠንቀቂያ ጋር እየመጣ ግማሽ ቀን አስቸግሮናል። ሊኑክስ ማሽኑ ላይ ያለው ቅጥያ የድርጅቱ ዋና ዶሜይን ነበር። በዚያ ዶሜይን ላይ ደግሞ ኮከብ ምልክት ያለው፣ «የመጣውን ስም ሁሉ ተቀበል» የሚል መዝገብ ነበረበት። ነጥብ ያለው ስም መጀመሪያ እንዳለ ይሞከራል፤ ሲጠፋ ቅጥያው ይጨመርበታል፤ ኮከቡ ደግሞ ሁሉን ይቀበላል። ቅጥያ በሆነ ዶሜይን ላይ ኮከብ መዝገብ አታስቀምጡ።

ዊንዶውስ ላይ፣ በግሩፕ ፖሊሲ (የድርጅቱን ኮምፒውተሮች ቅንብር ከአንድ ቦታ በሚወስነው መሣሪያ) የቅጥያ ዝርዝሩን በግልጽ መወሰን ይቻላል። ዝርዝሩ ሲወሰን ኮምፒውተሩ የካፌው ራውተር የሰጠውን ቅጥያ ለአጭር ስሞች አይጠቀምም፣ ደረጃ እየቆረጠም አይወጣም። እዚያው ፖሊሲ ውስጥ ኤልኤልኤምኤንአርን መዝጋት ይቻላል፤ ኔትባዮስም የሚያስፈልገው አሮጌ መሣሪያ ከሌለ ይዘጋ። ፕሮክሲን (ቀደም ሲል ያልነውን ወደ ኢንተርኔት መውጫ በር) በራሱ ፈልጎ የሚያገኘውን ምርጫ የማይጠቀሙበት ከሆነ ያጥፉት። ሊኑክስ ላይ ቅጥያው የሚታየው ሪዞልቭ ኮንፍ በሚባለው ፋይል «ሰርች» በሚለው መስመር ነው፤ ፋይሉን ግን በአብዛኛው ሌላ ፕሮግራም ስለሚጽፈው፣ በእጅ አርመው ቢሄዱ ነገ ተመልሶ ያገኙታል። መታረም ያለበት የሚጽፈው ፕሮግራም፣ ኔትወርክ ማኔጀር ወይም ሲስተምዲ ነው።

በስክሪፕት፣ በባክአፕ፣ በዳታቤዝ ግንኙነትና በጋራ ፎልደር ላይ ደግሞ ሙሉ ስም ይጻፍ። የራስ፣ የአባት፣ የአያት። በዲኤንኤስ ሕግ መጨረሻው ላይ አንዲት ነጥብ ከተጨመረች «ስሙ እዚህ አለቀ፣ ምንም እንዳትጨምርበት» ማለት ነው፤ የሚቀበል ፕሮግራም ከሆነ ይጠቀሙባት።

ሙሉ ስም መጻፍ ብቻውን ከክፉ ዋይፋይ ያድናል? አያድንም። ዲኤንኤሱን የያዘው ራሱ ሌባ ከሆነ ለሙሉ ስምም ቢሆን የውሸት አድራሻ ሊሰጥ ይችላል። ያኔ የሚያስጥለው ሰርተፊኬቱ ነው። ለድርጅታችን.ኮም.ኢቲ ሰርተፊኬት ማውጣት የሚችለው የስሙ ባለቤት ስለሆነ፣ አስመሳዩ ማንነቱን ማሳየት ሲያቅተው ግንኙነቱ ይቋረጣል። ባዶ «ፋይናንስ» ግን የሚመሰክርለት የለም።

አሁን ያለሁበትን እንዴት ልወቅ?

ዊንዶውስ ላይ ጥቁሩን የትእዛዝ መስኮት ከፍተው «አይፒኮንፊግ» የሚለውን ትእዛዝ ከ«ኦል» አማራጩ ጋር ይጻፉ። ላይኛው ክፍል ላይ ዋናው ቅጥያ፣ የቅጥያ ዝርዝሩ፣ ዝቅ ሲሉ ደግሞ ለዋይፋዩ ብቻ የተሰጠው ቅጥያ ይታያል። ያን ይጻፉትና ላፕቶፑን ከቢሮው ኔትወርክ ነቅለው በስልክዎ ሆትስፖት ላይ ያድርጉት፤ ትእዛዙን ይድገሙ። የተለወጠው መስመር ከውጭ የመጣው ነው።

ከዚያ ዋይርሻርክን (በኔትወርኩ ላይ የሚያልፈውን የሚያሳይ ፕሮግራም) ከፍተው «ዲኤንኤስ» በሚለው ያጣሩና ምንም ሳይነኩ አሥር ደቂቃ ይመልከቱ። ላፕቶፑ ያለእርስዎ ትእዛዝ የሚጠራቸው ስሞች አንድ በአንድ ይወርዳሉ፦ አታሚው፣ የፋይል ሰርቨሩ፣ ደብሊውፓድ። የእያንዳንዱን መጨረሻ ያንብቡ። ድርጅትዎ በማያውቀው ስም የሚያልቅ አንድም መስመር ካገኙ ስሙን ይዘው ከየት እንደገባ ይከታተሉ፦ ከራውተሩ ነው፣ ከቪፒኤኑ ነው ወይስ ከዓመታት በፊት ማሽኑን ካዘጋጀው ሰው። እስኪገኝ ድረስ ያ ላፕቶፕ ከቢሮ ባይወጣ ይመረጣል።